ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት ላም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ አለ። የሜጋ ሕፃን ሌላውን ትምህርት በኦሮምኛ ይማራል፤ እንግሊዝኛ ግን ከክፍሉ ውጭ እምብዛም የማይሰማው ቋንቋ ነው። ታዲያ በምን እናስይዘው? የተለመደው መልሳችን ጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህሩ «ካው» ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ካው!» ብሎ ጣራውን ያናውጣል። ድምፁ ደረሰ፤ ላሟ ግን አልመጣችም።

ሞዴል የለም እንዳይባል፣ አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች «ፔዳጎጂካል ማዕከል» የሚባለው ክፍል ከጭቃ፣ ከካርቶንና ከሽቦ የተሠሩ ነገሮች ይደረደሩበታል። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፤ እንግዳው ሲሸኝ ይቆለፋል። ለጉብኝት የተሠራች ላም ወተት አትሰጥም።

«ለቦረና ልጅ የጭቃ ላም ምን ይፈይዳል? እውነተኛዋ ደጅ ቆማለች» የሚሉ አሉ። እርግጥ ልጁ ከብቱን በቀለሙና በቀንዱ ለይቶ ያውቃል። የሚቸግረው ግን «ኦን»፣ «አንደር»፣ «ቢሃይንድ» ነው። እውነተኛዋን ላም ጠረጴዛ ላይ ማውጣት፣ ከሥር ማስገባት፣ ከበር ጀርባ መደበቅ አይቻልም፤ የጭቃዋን ይቻላል። የሞዴል ጥቅሙ ያልታየን ማሳየት ብቻ ሳይሆን ልጁ በገዛ እጁ እያንቀሳቀሰ እንዲናገር ማድረጉ ነው።

ከሜጋ ብዙም የማይርቀውን ኤል ሶድን እንውሰድ። እሳተ ገሞራ ከፈጠረው ጉድጓድ ግርጌ ካለው ሐይቅ ሰው ጨው ያወጣል፤ አህዮች ባዶ ወርደው ተጭነው ይወጣሉ። ይህን በአሸዋና በጭቃ ሠርቶ አንዲት ትንሽ አህያ ማውረድና ማውጣት ስንት ብር ይጠይቃል? «ዳውን»፣ «አፕ»፣ «ኤምፕቲ»፣ «ኸቪ»፦ አራቱም ያለ አስተርጓሚ ይገባሉ።

ቼኩ መምህር ኮሜኒየስ በ1658 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ያሳተመው ቃልና ነገር እንዳይለያዩ ብሎ ነበር። እኛ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ስንሰቅል፣ ለታናናሾቻቸው የሚበጀው ጭቃ እግራችን ሥር ነበር።

«ልጆች ይሰብሩታል» ይሉናል። ይሰበራ! የጭቃ ላም ብትሰበር ልጆቹ ራሳቸው በማግሥቱ ሌላ ይሠራሉ፤ ሲሠሩም እንግሊዝኛውን ይደግሙታል። ግን ሞዴል ብቻውን መምህር አይሆንም። መምህሩ በእንግሊዝኛ ካላዘዘ፣ ልጁም ነገሩን በእጁ ካልያዘ፣ ያው የመደርደሪያ ጌጥ ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመለመናችን በፊት የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ወጥቶ ለአንደኛ ክፍል መምህር ይሰጥ።