«ዳነ» ከተባለ በኋላስ?

በሞላሌና በዙሪያው ባለው ደጋ ሕፃን ሲያስል መጀመሪያ የሚሰጠው ፍርድ «ብርድ ነው» የሚል ነው። አይገርምም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ መንዝም ባናና ዝተት የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን «ብርድ» የተባለው ሳል አንዳንዴ የሳንባ ምች ሆኖ ይገኛል። ስሙም ያሳስታል። «ምች» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በዳማከሴ የሚታሸው ሕመም ነው። የሳንባ ምች ግን በአብዛኛው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ የሚያመጣው ኢንፌክሽን ነው፤ ባክቴሪያ ያመጣውን የሚያድነው አንቲባዮቲክ እንጂ ቅጠል አይደለም።

በዚህ በኩል ኢትዮጵያ የሠራችው ቀላል አይደለም። ትክትክንና የሂብ ባክቴሪያን የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት በ1999 ዓ.ም. ገባ፤ የኒሞኮከስ ክትባት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ተከተለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የልጅን ትንፋሽ ቆጥረው የሳንባ ምችን እንዲለዩና መድኃኒት እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። በዚህ ቀላል ቆጠራ ብዙ ልጆች ከሞት ተርፈዋል።

ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሥርዓቱ ሞተ ወይም ዳነ ብሎ ይመዘግባል። «ዳነ» የተባለው ልጅ ከወር በኋላ፣ ከዓመት በኋላ እንዴት እንደሚተነፍስ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከባድ ኢንፌክሽን ያለፈበት ሳንባ ሁልጊዜ ወደ ነበረበት አይመለስም። አንዳንዴ መግል በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ይጠራቀማል። አንዳንዴም የአየር ቧንቧዎቹ ግድግዳ ይጎዳና እንደላላ ይቀራል፤ አክታው መውጣት ሲያቅተው ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ባክቴሪያው ግድግዳውን ይበልጥ ይጎዳዋል። ሐኪሞች ይህን አዙሪት ብሮንኪኤክታሲስ ይሉታል። የሳንባ ምች፣ ትክትክ፣ ኩፍኝና ቲቢ ሁሉም ሊያስከትሉት ይችላሉ። ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ትንታኔ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ ሕፃናት 13.6 በመቶ፣ ሳይተኙ ከታከሙት ደግሞ 5.5 በመቶ የሚሆኑት ከባድ የረጅም ጊዜ የሳንባ ጉዳት ሊገጥማቸው እንደሚችል ገምቷል።

በመንዝ ደጋ ይህ ጉዳት ይከብዳል። በ3000 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይለምደዋል፤ የተጎዳ ሳንባ ግን ትርፍ አቅም የለውም። እንጨት በጠፋበት አገር ኩበት የሚነድበት ጎጆ ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ ያልዳነ ቁስል ላይ ጨው እንደ መነስነስ ነው። ይህ ልጅ ነገ ዳገት ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ ከነገ ወዲያ የሚያርስና ገብስ የሚያጭድ ነው።

ታዲያ ክፍተቱ የት ነው? የሳንባ ምች ለያዘው ልጅ የሚሰጠው የክትትል ቀጠሮ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ነው። ቀጠሮው የሚያየው መድኃኒቱ መሥራቱን ነው፤ እሱም ተገቢ ነው። ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ ደግሞ ልጁ ለቲቢ ይመረመራል። ምርመራው ቲቢ የለም ካለ ግን ቀጣዩ በር ጠባብ ነው። ወይ «አስም ነው» ይባላል፣ ወይ ሽሮፕ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቲቢ አለመሆኑ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም።

የጤና ሠራተኛው ሥራ በዝቶበታል፤ መድኃኒት ይጠፋል፤ ክልሉ ባለፉት ዓመታት ያሳለፈው ጦርነትም የጤና አገልግሎቱን ጎድቶታል የሚል መከራከሪያ ይኖራል። እውነት ነው። ለዚህም ነው መፍትሔው ከሲቲ ስካን መጀመር የሌለበት። መጀመር ያለበት ከአንድ ጉብኝት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች። የሳንባ ምች የታከመውን ልጅ ስም መዝገብ ላይ ይዛ በ4ኛው ሳምንት «ሳሉ ለቋል ወይ?» ብላ ትጠይቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ አምድና አንድ ጥያቄ ነው። ሳሉ ካለቀቀ ልጁ ራጅ ወደሚነሳበት ሆስፒታል ይላክ፤ የላከው ጤና ጣቢያም ውጤቱን ይከታተል።

እስከዚያው ወላጅ ራሱ ሊጠብቃቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦ ከ4 ሳምንት በላይ የሚቆይ አክታ ያለው ሳል፣ እየተመላለሰ የሚይዝ የሳንባ ምች፣ ሲሮጥ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ ማጠር፣ ክብደት አለመጨመር፣ የጣት ጫፍ ማበጥና የጥፍር መጉበጥ። እነዚህ ባሉበት እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ሊጨምርበት ይችላል።

ለመቸኮል ምክንያት አለ። የልጅ ሳንባ ገና እያደገ ነውና በጊዜ የተደረሰበት ጉዳት ሊቆም፣ አንዳንዴም ሊመለስ ይችላል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የላላው ቧንቧ እንደላላ ይቀራል፤ ያኔ ልጁ «ሳል የማያጣው» ተብሎ ስም ይወጣለታል፣ ሰዉም ይለምደዋል። የጤና ቢሮው ሊከላከለው የሚገባው ይህን መለመድ ነው።