አበዳሪው ያልፈራው ዕዳ

ምርጫ በቀረበ ቁጥር በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ፣ ታክሲ ተራ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረግ ወግ መሃልም የምናነሳው አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። የ2008ቱን የቤት ብድር ቀውስ ያመጣብን የትኛው ፓርቲ ነው? (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ፣ «ዲሞክራቶች ናቸው እንጂ! መክፈል ለማይችል ሁሉ አበድሩ ብለው ባንኮቹን ያስገደዱ እነሱ አይደሉ?» ይላል። ሌላው፣ «ሪፐብሊካኖች የባንኮቹን ልጓም አውልቀው ባይለቋቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ያኔ ቤቱን ያጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ አላቸው፤ ንዴታቸው የእውነት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ብድሩን የሰጠው ወገን ስሙ ሳይነሳ መቅረቱ ነው።

«ዲሞክራቶች አስገደዱ» የሚሉት ወገኖች የሚጠቅሱት በ1977 ጂሚ ካርተር የፈረሙትን ሕግ ነው። ሕጉ ባንኮች ተቀማጭ ከሚሰበስቡበት ሰፈር ለዚያው ሰፈር ነዋሪም እንዲያበድሩ ይጠይቃል። የወጣውም የጥቁሮችንና የድሆችን ሰፈር ለይቶ ብድር መንፈግ የተለመደ ስለነበር ነው። ይህ ሕግ ቀውሱን አመጣ የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም። ሕጉ ከወጣ 30 ዓመት ሙሉ ያልፈረሰ ገበያ በድንገት በእሱ ምክንያት ፈረሰ ማለት ይከብዳል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭም የ2005ና የ2006ን ብድሮች መርምሮ ነበር። ወለዳቸው ከፍ ካለ ብድሮች ውስጥ፣ በሕጉ ሥር ያሉ ባንኮች ሕጉ በሚመለከታቸው አካባቢዎች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎችና ሰፈሮች የሰጡት 6 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ክፉ ብድሮች ትልቁን ድርሻ የያዙት ከሕዝብ ተቀማጭ የማይሰበስቡ፣ ሕጉም ጭራሽ የማይነካቸው የሞርጌጅ ኩባንያዎች ነበሩ። ማንም ያላስገደዳቸው ናቸው እንግዲህ።

ስለ ፋኒ ሜይና ስለ ፍሬዲ ማክ የሚነሳው ክርክር ግን ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። እነዚህ ሁለት ድርጅቶች ከአበዳሪዎች ላይ ብድር የሚገዙ፣ የመንግሥት ጥላ ያረፈባቸው፣ ትርፋቸው የባለአክሲዮኖች የነበረ ተቋማት ናቸው። ከሚገዙት ብድር ምን ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የተሰጠ መሆን እንዳለበት የክሊንተን መንግሥት ግብ አስቀመጠ፤ ከፍም አደረገው። የቡሽ መንግሥት ደግሞ በ2004 እስከ 2008 ድረስ ወደ 56 በመቶ የሚወስድ ግብ አወጣ። ሁሉንም ሰው የቤት ባለቤት ማድረግ የሁለቱም ፓርቲ የምርጫ መዝሙር ነበር። ድርጅቶቹ ባዶ ካዝና ይዘው ተገኙና በሴፕቴምበር 2008 መንግሥት በእጁ አስገባቸው። ጥፋታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም ገቢ የማይጠየቅበትን ብድር ፈልስፎ ገበያ ያወጣው ሌላ ነው፤ እነሱ ገበያው ጥሏቸው ሲሄድ ከኋላ ሮጠው የገቡ ናቸው።

«ልጓሙን አወለቁ» የሚለው ክርክር ይበልጥ ወደ እውነት ይጠጋል። ችግሩ፣ ልጓሙን ያወለቁት እጆች የአንድ ፓርቲ አለመሆናቸው ነው። በ1982 ሬጋን የፈረሙት ሕግ የሪፐብሊካኑን ሴናተር የጋርንንና የዲሞክራቱን የምክር ቤት አባል የሴንት ጀርሜንን ስም አጣምሮ ይጠራል። ወለዱ በየጊዜው የሚቀያየር ብድር የክፍላተ ግዛቱን ክልከላ አልፎ በመላ አገሪቱ እንዲሰጥ መንገድ የጠረገው እሱ ነው። ተራ ባንክና የዎል ስትሪት ነጋዴ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሠሩ የፈቀደው የ1999 ሕግ በሪፐብሊካኑ ሴናተር በፊል ግራም መሪነት የመጣ ነው፤ በሴኔት የመጨረሻው ድምፅ 90 ለ8 ነበር፣ የፈረሙትም ክሊንተን ናቸው። በዓመቱ ደግሞ ያው ፕሬዚዳንት በብድር ላይ የሚደረገውን የውርርድ ገበያ ከቁጥጥር ነጻ ያወጣውን ሕግ ፈረሙ። ብሩክስሊ ቦርን የምትባል የቁጥጥር ባለሥልጣን በ1998 ይህ ገበያ አደገኛ ነው፣ እንመልከተው ብላ ነበር። የዲሞክራቱ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ሮበርት ሩቢንና የፌዴራል ሪዘርቩ ሊቀመንበር አለን ግሪንስፓን አንድ ላይ ሆነው አስቆሟት።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን የወጣው ሕግ ሳይሆን፣ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ነው። ኮንግረስ በ1994 ባወጣው ሕግ ፌዴራል ሪዘርቭ አታላይ የቤት ብድርን በመላ አገሪቱ፣ ባንክ ባልሆነ አበዳሪም ላይ ጭምር እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ብዕር ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቀው። ኤድዋርድ ግራምሊክ የሚባሉ የራሱ የፌዴራል ሪዘርቭ የቦርድ አባል ስለዚህ ብድር አስጠነቀቁ። ግሪንስፓን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሥልጣኑን በሙሉ የሚጠቀም ደንብ የወጣው በጁላይ 2008 ነው፣ ሰዉ ቤቱን ካጣ በኋላ። በ2004 ደግሞ የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪ የሆነው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የየክፍላተ ግዛቱ የአታላይ ብድር ሕግ ብሔራዊ ባንኮችን አይመለከትም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ሕጉን በማላላት ሁለቱም እጃቸው አለበት፤ እሳቱ ሲነድ እያዩ እጅን አጣጥፎ በመቀመጥ ግን ከ2001 ጀምሮ ሥልጣን ላይ የነበረው የሪፐብሊካን መንግሥት የበለጠ ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ ከላይ ያለው ነው። ከታች የሆነውን ደግሞ በዓይኔ ያየሁት አንድ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ እናት ጎረቤት ነበሩኝ። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ አንብብልኝ ብለው ጠሩኝ። ክፍያቸው መጨመሩን የሚናገር ደብዳቤ ነበር። ያላቸውን ወረቀት ሁሉ በፌስታል አምጥተው ዘረገፉት፤ ከመካከሉ የብድር ማመልከቻው ወጣ። የወር ገቢ በሚለው ሳጥን ውስጥ የተተየበው ቁጥር እሳቸው ከሚያገኙት ከእጥፍ በላይ ነበር። ከግርጌው የእሳቸው ፊርማ አለ፣ በእጅ የተጻፈ የአማርኛ ፊርማ።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ሞላው?» አልኳቸው።

«እሱ ነው እንጂ የሞላው፣ ልጄ። ሎን ኦፊሰሩ። የኛው ልጅ ነው፣ በአማርኛ ነው ያስረዳኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ አለኝ።»

ያ ልጅ ምን አግኝቶበት ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። በ300,000 ዶላር ብድር፣ በ30 ዓመት የሚከፈል፣ 7 በመቶ ወለድ ቢሆን የወሩ ክፍያ ወደ 2,000 ዶላር ይመጣል። የዚያ ዘመን ብድሮች ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንዲህ ባለ ወለድ አልፈው ከዚያ የሚወጡ ናቸው፤ ወለዱ 10 በመቶ ቢገባ ያው ሰው በወር 2,600 ይጠየቃል። ብድሩን ያስፈረመው ደላላ ገንዘቡን የሚያገኘው ሰውዬው 2,600 መክፈል ሲችል አይደለም፤ የፈረመ ዕለት ነው። እንዲያውም ደንበኛውን ሊያገኝ ከሚችለው ወለድ ከፍ ባለ ወለድ ካስፈረመው ተጨማሪ ጉርሻ ነበረው። አበዳሪው ኩባንያ ብድሩን በሳምንታት ውስጥ ለዎል ስትሪት ይሸጣል። ዎል ስትሪት በሺህ የሚቆጠሩ ብድሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች የመጨረሻውን ከፍተኛ ማዕረግ አስለጥፎ፣ ለጡረታ ፈንዶችና ለባዕድ አገር ባንኮች ይሸጣል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ «ሴትዮዋ 2,600 ሲጠየቁ ከየት ያመጣሉ?» ብሎ መጠየቅ የሚጠቅመው አንድም ሰው የለም።

ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልገውም። ዕጣው በመጀመሪያው ዙር የወጣለትን አባል ዳኛው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት «ዋስ አምጣ» ይለዋል። ዋሱም ዝም ብሎ አይፈርምም፤ ሰውዬው የት ይሠራል፣ ከዚህ በፊት ዕቁብ ጥሎ ጠፍቷል ወይ ብሎ ያጣራል። ጭካኔ አይደለም፤ ሰውዬው ከቀረ የሚጎድለው ከዋሱ ኪስ፣ ከዚያም ገና ዕጣ ካልደረሳቸው አባላት ላይ ስለሆነ ነው። ዳኛው ዕቁቡን ለማያውቀው ሰው ሸጦ፣ ድርሻውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ቢችል ኖሮ ስለ ዋስ ማን ይጨነቅ ነበር? አሜሪካ ውስጥ የሆነው ይሄው ነው። ግሪንስፓን ራሳቸው ኦክቶበር 23 ቀን 2008 በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ አበዳሪዎች ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ ይጠነቀቃሉ ብለው ማመናቸው ስህተት እንደነበር ተናግረዋል። ከአሥር ዓመት በላይ አገሪቱ የተመራችበት እምነት ነው ያኔ የፈረሰው።

ስለዚህ «ሳይችሉ ቤት የገዙ ናቸው ያመጡት» ሲባል፣ በተለይ ከራሳችን ሰው አፍ ስሰማው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሁለትና ሦስት ቤት ገዝቶ ሊያተርፍ የሞከረ የለም አልልም፤ ነበረ። ነገር ግን የጥቁሮች ሀብታም መንደር ይባል የነበረው የሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከክፍለ ግዛቱ ሁሉ ክፉኛ የተመታው ነዋሪው ሁሉ ቁማርተኛ ስለነበረ አይደለም። የባልቲሞር ከተማ በ2008 ዌልስ ፋርጎን ከሰሰች፤ የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴርም ተከትሎ መረመረ። ደህና ብድር ማግኘት የሚችሉ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ወደ ውዱ ብድር ይገፉ ነበር የሚል ነው ክሱ። ባንኩ ጥፋቱን ባያምንም በ2012 በ175 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋው። ከእሱ በፊት፣ በ2011 መጨረሻ፣ በተመሳሳይ ክስ በአበዳሪው ኩባንያ በካንትሪዋይድ ስም 335 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ጎረቤቴ ቤታቸውን ለቀው የልጃቸው አፓርታማ ገቡ። ለእህታቸው ልጆች ትምህርት ቤት በየወሩ ወደ ደሴ ይልኩት የነበረው ገንዘብም ቆመ። ያን ሳጥን የሞላውን ልጅ የጠየቀው የለም።

መራጩ በፓርቲ ተከፍሎ የሚጨቃጨቀውን ያህል የተማሩትም ተጨቃጭቀዋል። ኮንግረስ የቀውሱን ምክንያት መርምሩ ብሎ ያቋቋመው ኮሚሽን 10 አባላት ነበሩት። ጃንዋሪ 2011 ሪፖርቱ ሲወጣ በዲሞክራቶች የተሰየሙት 6ቱ ደገፉት፣ በሪፐብሊካኖች የተሰየሙት 4ቱ ተቃወሙት፤ ከአራቱም አንዱ የብቻውን ተቃውሞ ጻፈ። ያን ሁሉ ሰነድና ምስክር አንድ ላይ አይተው ማለት ነው። ይህን ሳስብ፣ «የማን ጥፋት ነው» የሚለው ጥያቄ በፓርቲ ስም እስከተጠየቀ ድረስ መልሱ ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነው እላለሁ።

ለኔ የሚሻለው፣ እጩዎቹ ድምፃችንን ፍለጋ ወደ ማኅበራችን አዳራሽና ወደ ምግብ ቤቶቻችን ሲመጡ በስም የሰፈረውን የድምፅ መዝገባቸውን ይዞ መጠበቅ ነው። በ2010 የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ ሁለት ጥሩ ነገር ነበረው። አበዳሪ የተበዳሪውን የመክፈል አቅም በማስረጃ እንዲያጣራ አዘዘ። ብድሩን ጠቅልሎ የሚሸጥም ከኪሳራው 5 በመቶውን ራሱ ተሸክሞ እንዲቀር አለ። ይህ ሁለተኛው፣ የዋስነቱ ነገር፣ ገና ከጅምሩ ተሸረሸረ፤ በ2014 በወጣው ደንብ መስፈርቱን ያሟላ የቤት ብድር ሁሉ ነጻ ሆነ፣ እሱም አብዛኛው ነው። በ2018 በወጣ ሕግ ደግሞ በትልልቅ ባንኮች ላይ ይደረግ የነበረው ጠንካራ ክትትል የሚጀምርበት የሀብት መጠን ከ50 ቢሊዮን ወደ 250 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ተደረገ። ትራምፕ ፈረሙት፤ ሴኔት ውስጥ ግን 16 ዲሞክራቶች ደግፈውታል። ተበዳሪውን ከእንዲህ ዓይነት ብድር እንዲጠብቅ የተቋቋመው የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹ ሥራ እንዲያቆሙ ታዘዙ።

እንግዲህ ከሪፐብሊካኑ እጩ የምፈልገው መልስ፣ ያ መሥሪያ ቤት ከተዳከመ የጎረቤቴን ዓይነት ማመልከቻ የሚያነብ ማን እንደሆነ ነው። ዲሞክራቱን ደግሞ፣ ፓርቲህ በ2018 ያን ያህል ድምፅ የሰጠው ለማን ብሎ ነው፣ አምስት በመቶዋንስ ለመመለስ ረቂቅ ታቀርባለህ ወይ እለዋለሁ። ሁለቱም ስለ ሌላኛው ፓርቲ መናገር ሲጀምሩ አቋርጠን ወደ ጥያቄው እንመልሳቸው።