ከአባታችን ሣጥን የወጡ ሸክላዎች

በዛሬው ዐምዳችን ከራሳችን ቤት የተነሣ ጉዳይ እናቀርብላችኋለን። የአባታችን ተዝካር በኢሉባቦር በኡካ ከወጣ በኋላ፣ ወንድሞችና እኅቶች ተሰብስበን የቀረውን ዕቃ ስንለይ፣ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ተገኘ። በውስጡ አርባ ያህል ሸክላ፣ ጥቂት ካሴትና አንድ ሲዲ ነበረበት። የአገራችንን ክረምት የሚያውቅ ሰው፣ ሣጥኑ ሲከፈት ምን እንደ ሸተተን ሳንነግረው ይረዳዋል። እርጥበቱ ከግድግዳው ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑም ወደ ወረቀቱ ዘልቆ፣ ሻጋታው ከሽፋኖቹ ብዙዎቹን በልቷቸዋል።

ታላቅ ወንድማችን በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ናቸውና ነገሩን በአጭሩ ሊቈርጡት ወደዱ። «መንፈሳዊው ይቀመጥ፤ ዓለማዊው መቱ ተወስዶ ይሸጥ። ኀዘን ባለበት ቤት ዘፈን ምን ያደርጋል?» አሉ። ታናሽ እኅታችን ግን፣ «ጋሼ፣ አባባ በዕድሜያቸው ሙሉ የሰበሰቡትን ሳንሰማው እንዴት እንለየዋለን?» ብላ ለመነቻቸው። እርሳቸውም እሺ አሉ። ማጫወቻ በውሰት አስመጥተን ሦስት ምሽት ተቀመጥን።

በመጀመሪያው ምሽት ማንም ያልተከራከረበትን አስቀደምን፤ ይኸውም አቶ ዓለሙ አጋ በበገና የተጫወቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፈረንሳይ አገር የወጣው «የንጉሥ ዳዊት በገና» የተባለው ሲዲ ነው። አቶ ዓለሙ በገናን በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው፣ ኋላም በቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ያ የበገና ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ እንደ ሆነ የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በደረት ላይ ያርፋል። በቤታችን ከዐቢይ ጾም በቀር አይሰማም ነበርና፣ ያለ ጊዜው ስንሰማው ጥቂት አፈርን።

በሁለተኛው ምሽት ተራው የትንንሾቹ ሸክላዎች ሆነ። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍረው የራሳቸውን ማሳተም ባይጀምሩ ኖሮ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ባልኖሩም ነበር። የሙላቱ አስታጥቄን ትልቁንም ሸክላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ የወጣውን፣ ሰማነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ወደድነው፤ ግማሹ ግን በሆቴል አዳራሽ እንግዳ ለመቀበያ የተሠራ መሰለን። የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» ሲመጣ ደግሞ የጋሼ እግር ከወንበሩ በታች ሲንቀሳቀስ አየን። አይተንም ዝም አልን።

ሦስተኛው ምሽት ከሁሉ ከበደን። አስቀድመን የዓሊ ቢራን ካሴት አደረግን። እናታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሚጸልዩት በአማርኛ ቢሆንም የሚስቁት በኦሮምኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በሞት የተለዩት ይህ የድሬዳዋ ተወላጅ፣ «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኙት በወጣትነታቸው ከዘፈኑት የመጀመሪያ ዘፈን ነው። «ቢራ» በኦሮምኛ ክረምት አልፎ ሰማይ የሚጠራበት ወቅት ሲሆን፣ በአማርኛም «ብራ ሆነ» ስንል ከዚያው አንርቅም። በካሴቱ ወረቀት ላይ አባታችን በእርሳስ፣ «ክረምት ሲወጣ ለእርስዋ የሚሰማ» ብለው ጽፈው አገኘን። ታናሽ እኅታችን ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኛም ካሴቱ እስኪያልቅ አልተነጋገርንም።

በመጨረሻ ሽፋኑ የጠፋ፣ በመካከሉ የተለጠፈውም ወረቀት የተላጠ አንድ ሸክላ ቀረ። መርፌው ሲያርፍ የፒያኖ ድምፅ ተሰማ። ጋሼም፣ «ይህስ የፈረንጅ ነው፤ ከሚሸጡት ጋር አድርጉት» አሉ። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት አክስታችን ግን ቀና ብለው፣ «ኧረ ልጄ! የግሸኗ መነኵሲት ናቸው እኮ። አባትህ የገዛው ገንዘቡ ለሙት ልጆች ነው ሲባል ሰምቶ ነው» አሉ።

እውነትም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ። በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጥለው፣ ዓለምን ንቀው በግሸን ማርያም መነኰሱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሳተሙት የሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች ሕፃናት መርጃ ዋለ። የኋላውን ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ጣታቸው ሰዓት ቈጥሮ አይሄድም፤ መሪጌታ አንዲትን ቃል አስረዝሞ፣ አዙሮና መልሶ እንደሚያዜም ሁሉ፣ እርሳቸውም በአንዲት ድምፅ ላይ ይዘገያሉ፤ ከዚያም እንደ ፏፏቴ ውሃ ይወርዳሉ። መሣሪያው የባዕድ፣ አካሄዱ ግን የቅኔ ማሕሌት ነው። በሻጋታው የተነሣ ሸክላው በሦስት ስፍራ ይዘላል፤ በዘለለም ቍጥር ሁላችን አብረን እንደነግጥ ነበር።

ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ከሚሸጡት ክምር ላይ የነበረውን ባዶ ከረጢት ወረቀት አንሥተው፣ ሸክላውን በጥንቃቄ አገቡበትና ከጋቢያቸው ሥር ያዙት።

እንደ እኛ በእርጥበት አገር ሸክላ ያላችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ፣ አጋድማችሁ ሳይሆን አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ሻጋታውንም በለስላሳ ጨርቅ በመስመሩ ዙሪያ እንጂ አቋርጣችሁ አትጥረጉት። እኛ ይህን የተማርነው አሥራ አንድ ሸክላ ከጣልን በኋላ ነው። የትንንሾቹ ሸክላዎች ነገር ግን ገና አልተቈረጠም፤ ጋሼ «እስከ ፍልሰታ ይቈዩ» ብለዋል።