የምንስቀው በማን ላይ ነው?



ባለፈው ሳምንት ከኢሻ ሶላት በኋላ በዶርማችን ስድስት ሆነን አንድ አሮጌ ፊልም በላፕቶፕ አየን። የቻርሊ ቻፕሊን «ሞደርን ታይምስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣ። ገና ሲጀምር አንድ ወንድማችን «ሙዚቃውን ዝጉልኝ» አለ። ዘጋነው፤ ምንም አልጎደለብንም። በዚያን ጊዜ የሚናገሩ ፊልሞች ከመጡ ወደ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ ቻፕሊን ግን ጀግናውን እንደ ሌሎቹ አላናገረውም። ሰውየው በእግሩ፣ በቅንድቡና በከዘራው ይናገራል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ይረዳል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ በሚሰማበት ቦታ ግማሹ ንግግር የሚያልቀው በእጅና በፊት ነው።

ጀግናው ቤት የሌለው ድሃ ነው። ኮቱ ጠባብ፣ ሱሪው ሰፊ፣ ጫማው ከእግሩ የሚበልጥ። ግን ቆቡን አንስቶ ሰላምታ ይሰጣል፣ ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ሳየው ትዝ ያለኝ መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ሱረቱል በቀራ ላይ ያብራሩልን ነገር ነው፤ ከመታቀባቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚያደርጋቸው፣ ሰውን ችክ ብለው የማይለምኑ ድሆች።

በፊልሙ ውስጥ እኛን የምህንድስና ተማሪዎችን በተለይ የሚመለከት ቦታ አለ። ለፋብሪካው አለቃ ሠራተኛን የሚያጎርስ ማሽን ይቀርብለታል፤ ዓላማው የምሳ ሰዓትን ማስቀረት ነው። ለሙከራ ድሃው ሰውዬ ይታሰርበታል። ማሽኑ ይበላሻል፤ ሾርባውን ደረቱ ላይ ይደፋበታል፣ በቆሎውን አፉ ላይ ያሽከረክርበታል፣ ጭራሽ የብረት ብሎን ያጎርሰዋል። በሳቅ ሞትን። አለቃው ማሽኑን የመለሰው ግን ሰውየው ስለተሰቃየ አይደለም፤ «ለሥራ አይሆንም» ብሎ ነው። ማሽኑ ባይበላሽ ኖሮ ይገዛው ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ፍጥነትና ስለ ወጪ እናሰላለን፤ ማሽኑ ላይ የሚታሰረው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ፈተና ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህ የሩቅ ሀገር ታሪክ አይደለም። በሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ወቅት በዚያ ቆላ ፀሐይ አይሱዙ ላይ ጆንያ የሚጭኑትን የቀን ሠራተኞች አስቡ። አንዱ ውሃ ሊጠጣ ጀሪካን ሲያነሳ ከላይ «ቶሎ በል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ደመወዙ እንዲከፈለው ያዘዙት ላቡን ስላዩት ነው። ቻፕሊንም በራሱ መንገድ አይቶታል፤ ለንደን ውስጥ በድህነት ያደገ፣ በሰባት ዓመቱ የድሆች መጠለያ የገባ ልጅ ነበር።

ስለዚህ ሳቁን የሚወረውረው ወደ ላይ ነው፤ ወደ አለቃው፣ ወደ ማሽኑ፣ ወደ ጉልበተኛው። ያ ፊልም በወጣበት ወቅት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ የሙሶሎኒ አውሮፕላኖች በሀገራችን ሰሜን የመርዝ ጭስ ይረጩ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቻፕሊን «ዘ ግሬት ዲክታተር» በተባለው ፊልሙ ሂትለርን በራሱ ተጫውቶ፣ ሙሶሎኒንም በሌላ ተዋናይ አስመስሎ መሳቂያ አደረጋቸው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ጣርማበር ላይ ጣሊያኖች በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ እናልፋለን፤ ሰው እስከ ዛሬ «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። እኔ አሁን እዚያ ሳልፍ ፈገግ እላለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ አይደለም። አንደኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ልጅ ከገጠር ልብሱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ላስቲክ ጫማ አድርጎ መጣ። ዶርም ውስጥ ቅጽል ስም አወጣንለት። ካፌ ሲገባ አካሄዱን የሚያስመስል ነበረ፣ የሚስቅም ነበረ። እኔ ከሚስቁት ነበርኩ። አብልጬ የሳቅሁትም እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ምክንያቱም የእኔም ዕቃ ከቤት የወጣው በማዳበሪያ ነበር። መናኸሪያ ደርሼ ነው ዘመድ ባዋሰኝ ሻንጣ የገለበጥኩት። በእሱ ስስቅ የራሴን እየደበቅሁ ነበር። ልጁ ቀስ በቀስ ካፌ የሚገባው ሰው ሲያልቅ ሆነ። መስጂድ ግን እንደ ድሮው ይመጣል፤ ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቆም ነበር። ሱረቱል ሑጁራት ወገን በወገን እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ስም እንዳንጠራራ የሚከለክለውን አንቀጽ በቃሌ እያወቅሁ ነው ይህን ያደረግሁት።

ፊልሙን ሳይ የገባኝ ይህ ነው። የስክሪኑን ድሃ ወደድነው፣ ሲወድቅ አዘንለት። ማዳበሪያ ተሸክሞ አጠገባችን የተኛውን ግን ሳቅንበት። የሁለቱም ጫማ አንድ ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች «ከፊልም ምን አኽላቅ ይገኛል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ናቸው፤ ይህ ሰውዬ ቁድዋችን አይደለም። ዳቦ የሰረቀችውን ልጅ ለማዳን «እኔ ነኝ የሰረቅሁት» ብሎ ይዋሻል፣ እስር ቤት ስለተመቸው መውጣት አይፈልግም። ሰው ለማሳቅ መዋሸትም በዲናችን ከባድ ማስጠንቀቂያ ያለበት ነገር ነው። እኔ የምለው ግን ሳቅን ተዉ ወይም ፊልም እዩ አይደለም። በወንድም ፊት ፈገግ ማለት ሰደቃ የሆነበት ዲን አለን። ሰደቃው ግን ወንድምህ አብሮህ ሲስቅ እንጂ መሳቂያ ሲሆን አይደለም።

ያንን ልጅ ዘንድሮ ፈልጌ «አውፍ በለኝ» አልኩት። «ረስቼዋለሁ» አለኝ፤ እንዳልረሳው ዓይኑ ይናገር ነበር። ከዚያ «አውፍ ብያለሁ» አለ።

የአዲስ ተማሪዎች መግቢያ ደርሷል። ጀመዓችን እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል። ዘንድሮ ማዳበሪያ የያዘ ልጅ ስታዩ ቀድማችሁ ተሸከሙለት። ዶርም ውስጥ ቅጽል ስም የሚያወጣ ካለ ደግሞ አትሳቁለት፤ የሚስቅለት ካጣ ይተወዋል።

አላህ ሳቃችንን ሰደቃ ያድርግልን። አሚን።