ቀኖቹ ይቆጠሩ፦ ለጤና ሚኒስትሯ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክብርት ዶ/ር መቅደስ ዳባ
የጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክብርት ሚኒስትር፣

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። እርስዎ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ነዎትና ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ላስረዳዎ አልተነሣሁም። የምጽፍልዎ ስለ ቀን ቆጠራ ነው።

ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እታባ እያልን ነበር የምንጠራት። ጎጃም ውስጥ፣ ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ ትኖር ነበር። የወር አበባዋ ከቆመ ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና ደም ይፈሳት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። ልብሷን ከወትሮው አብዝታ ስታጥብ አይታ የጠየቀቻት ጎረቤቷ ናት። ከዚያ ጠበል ገባች፤ ሁለት ሱባኤ ቆየች፤ ለእኔ የተደወለልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዘገየች ብሎ እሷን የሚወቅስ ሰው ካለ አልቀበለውም። ሽታ ያለው ፈሳሽ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ከሰው ጋር ተጣብቆ መቀመጥ ለአንዲት የተከበረች ባልቴት ምን ማለት እንደሆነ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ያየቻት ነርስ ጎበዝ ነበረች። ገና መርምራት ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ፤ በዚያው ሰዓት ሪፈር ጻፈችልን። የተላክንበት ሆስፒታል ናሙና ወሰደ። ፓቶሎጂ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ፎርማሊን ውስጥ የተነከረችውን ቁራጭ ሥጋ፣ በትንሽ ጠርሙስ፣ በፌስታል ተጠቅልላ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ውጤቱ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ቀጥሎ የጨረር ወረፋ መጣ። ስልካችን ተመዘገበ፤ ተራችሁ ሲደርስ ይደወልላችኋል ተባልን።

ያኔ ቀኑን በደብተር እጽፍ ነበር። ነርሷ ካየቻት ዕለት አንሥቶ የመጀመሪያው ጨረር እስከተሰጣት ቀን ድረስ 211 ቀን ሆነ። ናሙናው ሲወሰድ ሐኪሙ በጨረርና በኬሞ ሊድን የሚችል ደረጃ ላይ ነው ብሎን ነበር። ጨረሩ ሲጀመር ሌላ ሐኪም ካርዷን አገላብጦ፣ እሷን ሳይሆን እኔን እያየ፣ አሁን የምንሰጣት ሕመሟን ለማስታገስ ነው አለኝ። እብጠቱ የሽንት ቧንቧዋን ዘግቶባት ኩላሊቷ ደከመ። በዚያው አረፈች።

ይህ የእኛ ቤት ሐዘን ብቻ ቢሆን አደባባይ አላወጣውም ነበር። ከሞተች በኋላ ግን ስለ በሽታው የተጻፈውን መፈለግ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ እጄ የገባውም ስለ እኛው ሴቶች የተጻፈ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 የታከሙ 1059 የማኅፀን በር ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለ፣ በ2014 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ጨረር ለማግኘት የተጠበቀውን ጊዜ ለክተውታል፤ መካከለኛው ቁጥር አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ነው። የለኩት ጊዜውን ብቻ አይደለም። በምርመራ ጊዜ ደረጃው ዝቅ ያለ የነበረው በሽታ፣ ታካሚዎቹ ተራቸውን እስኪያገኙ ድረስ ወደ ከባዱ ደረጃ መሸጋገሩንም መዝግበዋል። ገጹን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእታባ ነገር እሷ ከመታመሟ በፊት ተጽፎ ነበር።

በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ 7445 ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 5338 ሞተዋል። በአንድ ዓመት የሞቱት በዚያው ዓመት የተያዙት እንዳልሆኑ ለተማሪዎቼም እነግራለሁ። ቢሆንም አሥር ሴት ሲገኝባት ሰባት የምትቀበርበት በሽታ፣ ቀድሞ ከታየ ወደ ካንሰርነት ሳይለወጥ የሚቀጭ በሽታ መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

የተሠራውን አልክድም። በ2011 ዓ.ም. ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር የክፍሌ ልጆች ተሰልፈው ሲከተቡ አይቻለሁ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ምርምር አንድ መርፌ ብቻ እንደሚበቃ አሳይቷል። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት መካከል አንድም ሴት ወራሪ የማኅፀን በር ካንሰር እንዳልተገኘባት እ.ኤ.አ. በ2024 ተነግሯል። ተማሪዎቼ ይድናሉ ብዬ አምናለሁ። እናቶቻቸው ግን ክትባቱ ያመለጣቸው ናቸው፤ እኔም እዚያው ውስጥ ነኝ።

ስለ እናቶቹ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምሰማው ግንዛቤ የላቸውም፣ ለምርመራ አይመጡም የሚል ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች የማኅፀን በር ምርመራ አድርገው የሚያውቁት ከመቶ ሦስት አልሞሉም። ግን ቡታጅራ ላይ የተደረገውን ጥናት ልብ ይበሉልኝ። ተመራማሪዎቹ ቀበሌዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በአንዱ ወገን ያሉት ሴቶች በአሴቲክ አሲድ ለሚደረገው የዓይን ምርመራ ተጠሩ፤ ግማሽ ያህሉ መጡ። በሌላው ወገን ያሉት ለኤችፒቪ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና በገዛ እጃቸው እንዲወስዱ ተደረገ፤ ከመቶው 84ቱ ተመረመሩ። አንድ አካባቢ፣ አንድ ባህል፣ አንድ ዓይነት ሴቶች ናቸው። የተለወጠው አጠያየቁ ነው። እታባም ቢሆን በማታውቀው ሰው ፊት ልብሷን እንድታወልቅ ባትጠየቅ ኖሮ ከዓመታት በፊት ትመረመር ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንተርሌስ የተባለው ጥናት ውጤት ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። እንግሊዝን፣ ሕንድን፣ ሜክሲኮን ጨምሮ በአምስት አገሮች 500 ሴቶች የተሳተፉበት ነው። ከጨረሩ በፊት ለስድስት ሳምንት፣ በየሳምንቱ፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የወሰዱት ከአምስት ዓመት በኋላ 80 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ያልወሰዱት 72 በመቶ። ሁለቱም መድኃኒቶች የቆዩ ናቸው፤ በባለቤትነት መብት የተያዙ አይደሉም፤ በአገራችን የካንሰር ሐኪሞችም ዘንድ የታወቁ ናቸው። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጥሎ ግን አሠራሩን አነበብኩ፦ ኬሞው በስድስተኛው ሳምንት ያልቃል፤ ጨረሩ በሰባተኛው ይጀምራል። እታባ በሰባተኛው ሳምንት ላይ ገና የናሙናዋ ውጤት ነው የደረሳት።

ክብርት ሚኒስትር፣ ምርምሩ የሰጠን ስምንት ከመቶ ወረፋው ውስጥ ይቀልጣል። ጨረሩ ታካሚዋን በሰባተኛው ሳምንት የሚጠብቃት መሆኑ ካልታወቀ፣ አዲሱን ሕክምና ወስደናል ማለት አንችልም። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጅማም መስጠት ጀምሯል፤ የማዕከላቱ ቁጥር እንዲጨምርም እመኛለሁ። ነገር ግን የማሽን ቁጥር ብቻውን ስለ ታካሚዋ ምንም አይነግረንም። ማሽኑ በተመረቀ ማግስት አንዲት ሴት ስንት ቀን ትጠብቃለች? ሕዝብ ሊያየው በሚችል ቦታ ይህን ቁጥር ፈልጌ አላገኘሁትም።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሪፈራል ሆስፒታል ሦስት የቀን ልዩነቶችን ይቁጠር፤ ሚኒስቴሩም በየሩብ ዓመቱ በሆስፒታል ስም ያውጣው፦ አንዲት ሴት ምርመራ ላይ ችግር ከተገኘባት ቀን እስከ ታከመችበት ቀን፣ ናሙና ከተወሰደ እስከ ውጤት፣ ውጤት ከተነገረ እስከ መጀመሪያው ጨረር። በክትባቱ ዘመቻ ስንት ልጃገረድ እንደተከተበች መቁጠር የቻለ ተቋም ይህን መቁጠር ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ናሙናውንም ቤተሰብ አይሸከመው። የቲቢ አክታና የኤችአይቪ ደም ናሙና በፖስታ ቤት መኪና ከወረዳ ወደ ላቦራቶሪ ሲጓጓዝ ዓመታት አልፈውታል፤ የባዮፕሲ ጠርሙስ በዚያው መኪና የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ለቲቢ የተተከሉት ጂን ኤክስፐርት ማሽኖችም የኤችፒቪ ምርመራ መሥራት ይችላሉ። የቡታጅራው ዓይነት ናሙና እዚያ ቢሄድ፣ ቫይረሱ የተገኘባትም ሴት በተርማል አብሌሽን ልትታከም የምትችል ከሆነ፣ ቁስሉን በሙቀት የማቃጠሉ ሥራ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥምና በዚያው ቀን ትታከም። ሂጂና ሌላ ቀን ተመለሺ ከተባለች ግን ስንቷ ትመለሳለች?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጨረር ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለአምስት ሳምንት ያህል የሚሰጥ ነው። ከገጠር የመጣች ሴት በዚያ ሁሉ ጊዜ የምታድርበት ያስፈልጋታል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እንደነዚህ ላሉ ታካሚዎች መጠለያ በመስጠቱ ምስጋና ይገባዋል፤ በየጨረር ማዕከሉ አጠገብ ግን መንግሥት ራሱ ማረፊያ ሊያዘጋጅ ይገባል። እታባ የተኛችው የአጎቴ ልጅ የተከራየው አንድ ክፍል ውስጥ፣ መሬት ላይ ነበር።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። እያንዳንዱ ቀን፣ እያንዳንዱ ደጅ፣ ማን ምን እንዳለን ተጽፎበታል። የሆስፒታሉን ስም እዚህ ያልጠቀስኩት ሠራተኞቹ በሚችሉት ሁሉ እንደረዱን ስለማውቅ ነው። ቆጠራውን ከየት እንደሚጀምር ለማየት ቢሮዎ የሚፈልገው ከሆነ፣ ያንን ጠርሙስ እንዳመጣሁት ሁሉ በአውቶቡስ ይዤው እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት የሒሳብ መምህርት