ዋና መሥሪያ ቤቴን ዞብል ላይ ባወጣውስ?

ማሽላው ለሽልሻሎ ሳይደርስ ግብሩ ደረሰ። ቆቦ ላይ ሐምሌ ማለት ይኸው ነው። የሰፈራችን ግሮሰሪ ባለቤት ደረሰኛቸውን አጣጥፈው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን። ግብር ለመቀነስ አገር ስለሚቀይሩ ኩባንያዎች ያወጋኋቸውን አልረሱም፤ «እኔስ ልጄ፣ ዋና መሥሪያ ቤቴን ዞብል ተራራ ላይ ባወጣው ይቀነስልኛል?» አሉኝ።

አይቀነስም፣ እትዬ። ለዚህ ብልሃት የፋይዘርን ያህል መግዘፍ ያስፈልጋል። ያ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች በ2015 (እ.ኤ.አ.) መቀመጫውን ደብሊን ያደረገውን አለርጋንን በ160 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ አድራሻውን ወደ አየርላንድ ሊያዞር ተነሣ። እዚያ ያኔ የትርፍ ግብር 12.5 በመቶ ነበራ! አለቆቹ ግን ከኒውዮርክ ንቅንቅ ሊሉ አልነበረም፤ የሚሰደደው ወረቀቱ ነው። በዓመቱ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ደንቡን ሲያጠብቅባቸው ነገሩን ተዉት።

እንደ አሜሪካ ክንድ የሌለው አገርስ? አክሽን ኤይድ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ ሳብሚለር የተባለው ቢራ ጠማቂ ከጋና የሚያገኘውን ገንዘብ በንግድ ምልክት ክፍያ ስም ወደ ኔዘርላንድስ፣ በአስተዳደር ክፍያ ስም ወደ ስዊዘርላንድ እንደሚያሻግር ጻፈ። አክራ ውስጥ ከፋብሪካው አጠገብ ያንኑ ቢራ የምትቸረችር ሴት በዚያ ዓመት ከፋብሪካው የበለጠ የገቢ ግብር ከፍላለች ተባለ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም፤ መቼ ይቀበላል!

አሁን ወደ አሮጌው ጭቅጭቄ፣ ወደ አገራችን ባንኮች ልመለስ። የቆቦ ሽንኩርት ነጋዴ ገንዘቡን የሚያስቀምጥባቸው ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤታቸው የት ነው? አዲስ አበባ። ትርፋቸውስ የሚታሰበው? አዲስ አበባ። እርግጥ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር የፌዴራልና የክልሎች የጋራ አድርጎታል። የጎሊና መስኖ ሽንኩርት ለየትኛው ቅርንጫፍ ስንት እንዳስገኘ ግን ቆቦ ውስጥ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

«ካጠበቃችሁበት ባለሀብቱ ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ይሽሽ! ቢራውንስ ማን ሊጠጣለት ነው? የእኛ የራያ ቆላ ሙቀት እንደሆነ የትም አይሄድም።

የግሮሰሪዋ ባለቤት የቀን ገቢ ተገምቶ፣ ተጽፎ ይታወቃል። ቆቦ ላይ ቅርንጫፍ የከፈተ ድርጅት ሁሉ እዚህ ያገኘውን ለይቶ ያሳውቅ፤ ከተማ አስተዳደሩም በየሐምሌው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን።