የሾንኬን ቤት የሚያፈርሰው ማን ነው?

የአባት ቤት በእሳት ሲጋይ ጎረቤት እየጮኸ ይሮጣል፤ ልጆችም ከያሉበት ይሰበሰባሉ። ቤቱ የሚፈርሰው በገዛ ልጆቹ ደግነት ሲሆን ግን ማን ይጮኻል? ይህን የምንለው ስለ ሾንኬ የድንጋይ ቤቶች ነው።

ሾንኬ በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ በኮረብታ አናት ላይ የተሠራ የአርጎባ ሙስሊሞች መንደር ነው። ነዋሪዎቹ ዕድሜውን ከ900 ዓመት በላይ ያደርሱታል። እንደ ሐጅ ጀውሀር ቢን ሐይደር ያሉ ዓሊሞች የታወቁበት የዒልም ቦታም ነው።

እስኪ ቤቱን ጠጋ ብለን እንየው። ግድግዳው በጭቃ እየተያያዘ የተካበ ወፍራም ድንጋይ ነው። ጣሪያው በእንጨት ርብራብ ላይ አፈር ተደልድሎበት የተመረገ ነው። ቀን ፀሐይ ስትከር ግድግዳው ሙቀቱን ያዘገየዋል፤ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጭቃው እርጥበት ቢጠጣም መልሶ ይተነፍሰዋል። መሐንዲስ ያልነደፈው፣ ከሩቅ የተጫነ ዕቃ የሌለበት ቤት ነው። ነገር ግን ዕዳ አለበት፤ ክረምት ሳይገባ በየዓመቱ ጣሪያው መመረግ፣ ስንጥቁ መደፈን፣ የውሃ መውረጃው መጠረግ ይኖርበታል። አንድ ክረምት ቢታለፍ ውሃ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። ሁለት ሦስት ክረምት ቢታለፍ እንጨቱ ይበሰብሳል። ጣሪያው የወረደ ዕለት የግድግዳው ራስ ይገለጣል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ዝናብ ያጥበዋል። ከዚያ በኋላ ያ ቤት የድንጋይ ክምር ነው።

ይህን ዕዳ ይከፍል የነበረው ሰው ነው፤ በአንድ ሰው ጉልበት ሳይሆን በደቦ። ዛሬ ግን ብዙው ቤተሰብ ወደ ሜዳው ወርዷል፤ ወጣቱም ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገር ሄዷል። በዚህ ማንንም አንወቅስም። ኮረብታ አናት ላይ ውሃ አይፈልቅም፤ ውሃውም እህሉም ከታች ተጭኖ ነው የሚወጣው። አቀበቱን ዕድሜዋን ሙሉ የወጣች እናት «ሜዳ ላይ ቤት ሥሩልኝ» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ጸባችን ሌላ ነው። ልጅ ከጅዳ ወይም ከአዲስ አበባ ገንዘብ ይልካል፤ «የእናቴን ቤት አሳምሩልኝ» ይላል። አሳማሪው ግድግዳውን በሲሚንቶ ይለስነዋል፤ አፈሩን አውርዶ ቆርቆሮ ይመታበታል። ለጊዜው ያምራል! ሲሚንቶው ግን ደረቅ ነው፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አይላወስም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ከውስጥ ይሟሟል፤ ግድግዳውም ያብጥና ይናዳል። ከቆርቆሮው ሥር የምትቀመጠው እናትም ቀን በሙቀት ትታፈናለች፤ ዝናብ ሲመጣ በጩኸቱ ዚክሯን እንኳ አትሰማም። ደህና የነበረን ቤት በገንዘብ ማበላሸት ኢስራፍ ካልሆነ ኢስራፍ ምንድን ነው?

«የድሮ ድንጋይ መጠበቅ ከዲን ምን አገናኘው? ድንጋይ አይጠቅም፣ አይጎዳ» የሚሉ ወንድሞችም አሉ። ለድንጋይ ስገዱ ያለ ማን ነው? ቁርኣን ራሱ በምድር ላይ ሂዱና ከእናንተ በፊት የነበሩትን ተመልከቱ ይለናል፤ የሚታይ ነገር ሳይቀር ምን ሊታይ ነው? የሙስሊሙ ታሪክ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ የተጻፈው በወረቀት ሳይሆን በድንጋይ ነው። ወደ ይፋት ወርዶ ኖራን ያየ ያውቀዋል። የይፋት ሱልጣኔት ዘመን ከተማ ነበረች፤ የመስጊዷ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል፤ በዙሪያው የነበሩት ቤቶች ግን ፈርሰው ቁጥቋጦ በቅሎባቸዋል። እነዚያን ቤቶች ማን እንደ ኖረባቸው ዛሬ የሚተርክ ልጅ የለም፤ ቆፋሪ ተመራማሪ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሾንኬ ግን ገና ቋንቋ አለው፣ አዛን ይሰማበታል፣ ቡና ይፈላበታል።

ለባለሥልጣናትም አንድ ቃል አለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲንከባከብ አዟል፤ ያለ ፈቃድም እንዳያድስ ከልክሏል። መልካም። ግን ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችልም ያው አዋጅ ይናገራል። ክልከላውን አንብቦ እርዳታውን ሳያነብ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ሹም ቤት አያድንም። እንግዳ ፎቶ እንዲያነሳ ብቻ አሮጊት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንድትኖር መጠየቅም ነውር ነው። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነበር፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ሾንኬም ቅድሚያ የሚሻው ውሃና የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ የቱሪስት ማስታወቂያው ይቆየን።

እናንተ በከተማና በባሕር ማዶ ያላችሁ ቤተሰቦች ግን ሹሙን አትጠብቁ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስልክ ደውሉ፤ ጣሪያው ከተመረገ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የትኛው እንጨት እንደ ተበላ ጠይቁ። ለሲሚንቶ ያሰባችሁትን ለእንጨት፣ ለጭድና ለሠራተኛ ምሳ አድርጉት። የመካብና የመምረግ ሙያ የሚያውቁት አባቶች እያረጁ ነው። አንዱን አባት ፈልጉና ሁለት ወጣቶች ከጎኑ አቁሙ፤ የወጣቶቹን የቀን አበል እናንተ ክፈሉ፤ ለአባትየውም እንደ ኡስታዝ ክብሩን ጠብቁለት። ዘንድሮ የአንድ ቤት ጣሪያ ይመረግ፤ ከርሞ የጎረቤቱ።